ደሴ ላይ የፎጣ ማሞቂያ ልግዛ ለምትሉ

ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ፎጣ አይደርቅም። ጠዋት ሰውነታችሁን ያደረቃችሁበት ፎጣ ማታ ስትነኩት እንደረጠበ ነው። በማግስቱ ፊታችሁን ስትጠርጉበት ይሸታል። አጥባችሁ ታሰጡታላችሁ፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ሮጣችሁ ታስገቡታላችሁ። የሚሰገድበት ቤት ከሆነማ ይብሳል። የውዱእ ፎጣ በቀን አምስት ጊዜ ይረጥባል። የሱብሂው ሳይደርቅ የዙህሩ ይደረብበታል።

ስለዚህ ሰው ስልኩ ላይ ያንን የሚያብረቀርቅ፣ የመሰላል ቅርጽ ያለው ዕቃ ሲያይ ልቡ ቢሸፍት አይገርምም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የፎጣ ማሞቂያ ነው። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቱቦዎቹ ይሞቃሉ። ፎጣው ላያቸው ላይ ይዘረጋል። ሥራው ይኼው ነው። ልትገዙ ስትነሱ ግን ዋቱ፣ ቮልቱ፣ ታይመሩ፣ ፈሳሽ ያለውና የሌለው እየተባለ ነገሩ ይወሳሰባል። ሻጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ማማሩ ነው።

እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ልጀምር። ዕቃውን ከመምረጣችሁ በፊት ቤታችሁን እዩ። በተለይ መስኮቱንና የመብራት መስመሩን። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ተራ የሚባለው ማሞቂያ ያገለግላችኋል። ካልሆኑ ውዱም አይረባችሁም። የመስመሩ ጉዳይ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ውሃው የት ይሄዳል?

ፎጣ ሲደርቅ ውሃው አይጠፋም። ከፎጣው ወጥቶ አየር ውስጥ ይገባል። አየር ደግሞ ውሃ የሚይዝበት ልክ አለው። በቀዘቀዘ ቁጥር ያ ልክ ያንሳል። 15 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 13 ግራም ገደማ ነው የሚይዘው። 20 ዲግሪ ላይ 17 ግራም ይደርሳል።

እስቲ እናስላው። ወርዱ 1.5፣ ርዝመቱ 2፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ሻወር ቤት እንውሰድ። 7.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሙቀቱ 15 ዲግሪ ከሆነ፣ አየሩ ጭራሽ ደረቅ ሆኖ ቢጀምር እንኳ 100 ግራም ውሃ ሳይሞላ ይጠግባል። አንድ ትልቅ ፎጣ ግን ሰው ታጥቦ ከደረቀበት በኋላ 150 ወይም 200 ግራም ውሃ ሊይዝ ይችላል። ከሻወሩ የተነሣው እንፋሎት ገና አልተቆጠረም።

በሩና መስኮቱ ከተዘጋ እንግዲህ ማሞቂያው እንደበራ ያድራል፤ ፎጣው ሞቆ ይጠብቃችኋል፤ አይደርቅም። ክዳኑ የተገጠመ ድስት ውስጥ ያለ ነገር መቼ ይደርቃል? ውሃው ሄዶ መስታወቱ ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ፣ ኮርኒሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በኮርኒሱ ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ሻጋታ ነው። ያኔ ሰው «ማሞቂያው ነው ያመጣብን» ይላል። ማሞቂያው ምን ያድርግ? ውሃው መውጫ አላገኘም።

«ውጭው ጉም ሆኖ መስኮት ከፍቼ ምን አተርፋለሁ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ልክ ነው፤ መልሱ ግን ታተርፋላችሁ ነው። ጉም ሲኖር አየሩ በዚያ ቅዝቃዜ የሚችለውን ያህል ውሃ ይዟል ማለት ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ ሲሞቅ ግን ልኩ ይሰፋል። 12 ዲግሪ ላይ የጠገበ አየር 20 ዲግሪ ላይ ሲደርስ የያዘው ውሃ ሊይዝ ከሚችለው 60 ከመቶውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። የቀረው ቦታ ለፎጣችሁ ውሃ ነው።

ስለዚህ ትንሿን መስኮት ጣት በምታስገባ ያህል ክፈቷት። አየሩ መግቢያም ስለሚፈልግ ከበሩ ሥር ክፍተት ይኑር። መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ከሆነ መጀመሪያ የሚገዛው ቬንቲሌተር ነው፤ ማሞቂያው ሁለተኛ ይሁን።

እዚህ ላይ ለኮምቦልቻ ሰው አንድ ነገር ልበል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ በአማካይ የ4 ዲግሪ ያህል ሙቀት ታተርፋላችሁ። በዚያ ሙቀት ፎጣ በረንዳ ላይ ይደርቃል፤ ክረምት ካልሆነ በቀር ችግሩ እምብዛም ነው። እኔ ኮምቦልቻ ብኖር ገንዘቤን ቬንቲሌተር ላይ አውዬ ማሞቂያውን እተወዋለሁ። ደሴ፣ በተለይ ወደ ተራራው ጥግ ያለ ቤት፣ ሌላ ነገር ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም በጉሙ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ በሌሊቱ ብርድ ይፈለጋል።

በነገራችን ላይ ባልዲ የሚመስል፣ ክዳን ያለው የፎጣ ማሞቂያም አለ። ፎጣ አጣጥፈው ይከቱበታል፤ ከሻወር ሲወጡ ትኩስ ትኩሱን ያወጡታል። ደስ ይላል። ግን እሱ የደረቀ ፎጣ ነው የሚያሞቀው። እርጥቡን ብትከቱበት ያፍነዋል፣ እንዲሸት ያደርገዋል። ለደሴ ችግር መልሱ እሱ አይደለም።

ስንት ዋት ይበቃል?

አንድ ግራም ውሃ ከፎጣ ለማትነን በግምት 0.67 ዋት ሰዓት ጉልበት ይፈልጋል። 200 ግራም የያዘ ፎጣ 134 ዋት ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። 100 ዋት ማሞቂያ ያለ ምንም ብክነት ቢሠራ በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። ግን ከሙቀቱ ከፊሉ ወደ ግድግዳና ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሦስት እጥፍ አስቡት። ማታ የተሰቀለ ፎጣ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ይደርቃል። ለብዙ ቤት ይኼ በቂ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት በሶኬት የሚሰኩ ማሞቂያዎች አብዛኞቹ ከ50 እስከ 150 ዋት ናቸው። ትልልቆቹ 300፣ 500፣ ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። ትልልቆቹ የተሠሩት ክፍሉንም እንዲያሞቁ ታስቦ ነው። ሻጭ ስለ 100 ዋቱ «ሻወር ቤቱንም ያሞቀዋል» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። 100 ዋት የድሮ አምፖል የሚወስደው ያህል ነው። ሰው ራሱ ቆሞ የሚያወጣው ሙቀት እዚያው አካባቢ ነው።

የምታደርቁትን ቁጠሩ። ለውዱእ ፎጣ 60 ዋት ይተርፋል፤ እሱ የሚይዘው 30፣ 40 ግራም ውሃ ነው። ሽርጥና ነጠላ ስስ ስለሆኑ ለቱቦው ሙቀት አያስቸግሩም። ለሁለት ሦስት ትልልቅ ፎጣ 100 ወይም 150 ዋት ያዙ። ጋቢ ግን ተዉት። ታጥቦ ተጨምቆ እንኳ አንድ ኪሎ ውሃ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ለዚያ ብቻ 670 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ 100 ዋቱ ምንም ሳያባክን ቢሠራ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ደግሞም ጋቢ ለአራት ተጣጥፎ ሲሰቀል ቱቦውን የነካው ይግላል፣ መሀሉ እንደረጠበ ይቀራል። ፎጣም ቢሆን አንድ ድርብ ብቻ ተዘርግቶ ነው የሚደርቀው። ስለዚህ ከቱቦው ብዛት ይልቅ በቱቦና በቱቦ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። እጅ በደንብ የማያስገባ ከሆነ ፎጣ ማስገባቱ ትግል ነው።

ወጪውን ብዙ ሰው አጋንኖ ነው የሚፈራው። 100 ዋት በቀን 4 ሰዓት ለ30 ቀን ቢሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢወስድ አንድ ሰዓት ስትጋግሩበት የምታወጡት ለማሞቂያው 35 ሰዓት ይበቃዋል። ቆጣሪ የሚበላው ሌላ ነገር ነው፤ መርሳት። ያንኑ 100 ዋት ቀንና ሌሊት ሳያጠፉ ወር ቢተዉት 72 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእኛ አገር ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ባለ 500 ዋቱን በቀን 4 ሰዓት ከተጠቀማችሁ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ትጨምራላችሁ። ካርድ ለሚሞላ ሰው ይታወቀዋል።

መብራት ሲመጣና ሲሄድ

ምርጫውን ከሌላ አገር ሰው ምርጫ የሚለየው ይኼ ነው።

ማሞቂያው ውስጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቱቦው ውስጥ የሚሞቅ ገመድ ብቻ አለው። ቀላል ነው፤ በ15፣ በ20 ደቂቃ ይሞቃል፤ ሲጠፋም ቶሎ ይበርዳል። ሁለተኛው ቱቦው ውስጥ ፈሳሽ አለው፤ ከታች የገባ ማሞቂያ ፈሳሹን ያሞቃል። ይከብዳል። ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከሞቀ በኋላ ግን መብራት ቢሄድም ሙቀቱን ትንሽ ያቆየዋል። ያ የውስጡ ማሞቂያ ሲቃጠል ደግሞ ብቻውን ተፈትቶ ሊቀየር ይችላል፤ ባለ ገመዱ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው በሙሉ ይጣላል።

በዚህ ስታዩት ባለ ፈሳሹ የሚሻል ይመስላል። እኔ ግን ለደሴ ባለ ገመዱን ነው የምመርጠው። አንደኛ፣ መብራት ቆራርጦ በሚመጣበት ቀን ቶሎ የሚሞቅ ዕቃ ይጠቅማል፤ ሌላኛው ሞቆ ሳይጨርስ መብራቱ ይሄድበታል። ሁለተኛ፣ ፈሳሽ ያለው ነገር አንድ ቀን ሊያንጠባጥብ ይችላል። የሚቀየረውን ማሞቂያ እዚህ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ቮልቴጅ ሲወርድስ? እዚህ ላይ ቀላሉ ዕቃ ያሸንፋል። የሚሞቅ ገመድ ቮልቴጅ ቢወርድበት አይጎዳም፤ ብቻ ይደክማል። 220 መሆን ሲገባው 180 ከደረሰው ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል፤ 100 ዋቱ 67 ዋት ይሆናል። ፎጣው ዘግይቶ ይደርቃል፣ በቃ። በጣት የሚነካ ሰሌዳ፣ ቁጥር የሚያበራ፣ ከስልክ የሚታዘዝ ከሆነ ግን ሰሌዳው ስስ ነው። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው። ብዙዎቹም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የያዙትን ሰዓት ይረሱና ጠፍተው ይቀራሉ። ማታ ሞልታችሁት ተኝታችሁ ጠዋት ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ።

ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለው። መብራት በጠፋበት ሰዓት ማጥፊያውን ረስታችሁ ከቤት ከወጣችሁ፣ መብራት ሲመጣ ራሱን አብርቶ ይጠብቃል። መካከለኛው መንገድ በእጅ የሚዞር ታይመር ነው። ለሁለት ሰዓት እንዲሠራ ታዞሩታላችሁ፤ ቆጥሮ ያጠፋል። ርካሽም ነው።

ፈሳሽ ያለውን ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በውጭ አገር ከቤት ማሞቂያ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ጋር የሚገጠም ዓይነት አለ። ፎቶው አንድ ነው። ከታች ሁለት የቧንቧ አፍ ካለውና የመብራት ገመድ ከሌለው እሱ ነው፤ እዚህ ፎጣ መስቀያ ብቻ ይሆንባችኋል።

ዘመድ የላከው

ወሎ ውስጥ ዕቃ የሚገዛው ከሱቅ ብቻ አይደለም። ከዱባይ የተመለሰች እህት ይዛው ትመጣለች። ከአሜሪካ ዘመድ ይልከዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የዱባዩ 230 ቮልት ነው፤ ከእኛ 220 ጋር ችግር የለበትም። መሰኪያው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። ሰው አዳፕተር ገዝቶ ይሰካዋል። ርካሾቹ አዳፕተሮች ሁለት ክብ እግር ብቻ ነው ያላቸው፤ ሦስተኛውን እግር፣ ማለትም ኧርዙን (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሄድበትን መስመር)፣ እዚያው ይቆርጡታል። ዕቃው ይሠራል። ኧርዝ ግን የለውም። መፍትሔው መሰኪያውን አስቆርጦ የኧርዝ ብረት ያለውን የእኛን ዓይነት ማስገጠም ነው። ሥራው የደቂቃዎች ነው።

የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። 220 ላይ ከሰካችሁት ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። 100 ዋቱ 336 ዋት ለማውጣት ይሞክራል። ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ፎጣውን ያቃጥላል። ትራንስፎርመር ይዞ ሻወር ቤት መግባት ደግሞ አይታሰብም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ተቀበሉና ፎጣ መስቀያ አድርጉት።

ለማንኛውም ከጀርባው ወይም ከገመዱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳታነቡ ብር አትቁጠሩ። ቮልቱ ከ220 እስከ 240 ይበል። ዋቱ ይጻፍ። «አይ ፒ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና ከኋላቸው ሁለት ቁጥር ይኑር። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ስለ ውሃ የሚናገር እሱ ነው። 4 ከሆነ ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል። 0 ከሆነ ለሳሎን የተሠራ ነው። ጽሑፉ ጭራሽ ከሌለ ዕቃውን እዚያው ተዉት፤ የቱንም ያህል ያብረቅርቅ።

ስለ ብረቱ ብዙ አልልም። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ክሮም የተቀባ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙ በተጫረበት ቦታ ይዝጋል። ካልያዘው አይዝጌ ብረት ወይም አልሙኒየም ሊሆን ይችላል። ብየዳውን በጣት ዳብሱት። ፎጣ የሚይዝ ሻካራ ነገር አይኑር።

የት ይሰቀል?

በዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደንብ ሻወር ቤት በክልል ይከፋፈላል። ሰሃን የሌለው ሻወር፣ ማለትም ውሃው ወለል ላይ የሚወርድበት የእኛ ዓይነት፣ ከሻወሩ ራስ 1.2 ሜትር ዙሪያ የውሃ ክልል ነው። ያ ክልል ሶኬት የሚገባበት አይደለም። አሁን የራሳችሁን ቤት ለኩ። 1.5 በ2 ሜትር ክፍል ውስጥ 1.2 ሜትር ስትቀንሱ ምን ይቀራል? ከበሩ ጀርባ ያለች ግድግዳ ብቻ። እሷም ሽንት ቤቱ አጠገብ ናት።

ለዚህ ነው እኔ ለጠባብ ቤት ማሞቂያውን ከሻወር ቤት ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው የኮሪደር ግድግዳ ላይ አድርጉት የምለው። ፎቶ ላይ አያምርም። ግን ውሃ አይነካውም፣ እንፋሎት አያገኘውም፣ አየር አለው፣ ፎጣውም እዚያ ቶሎ ይደርቃል። እጅ ዘርግቶ መውሰድ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ የሚቆመውን ዓይነት እዚያው ኮሪደር ላይ ማድረግ ትችላላችሁ፤ አከራይ ሴራሚኬን ሰበራችሁ አይልም።

ሻወር ቤቱ ሰፊ ሆኖ ውስጥ ከሰቀላችሁት ማብሪያ ማጥፊያው ውጭ ይሁን። ዲቫይደር ወደ ውስጥ አይግባ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን። ትንሽ ልጅ ካለ የታችኛው የሚሞቅ ቱቦ ከወለሉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በአምራቾች መመሪያ ላይ የተለመደ ማስጠንቀቂያ ነው። ቱቦው 50፣ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ አዋቂ እጁን ያነሣል፣ ሕፃን ግን ይዞ ይቆያል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ሰሪው ፊሸሩን በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ላይ እንዳይሰካው ቆማችሁ እዩ። ጭቃ ቤት ላይ ሴራሚክ የተለጠፈበት ከሆነ መስቀሉን ተዉትና የሚቆመውን ግዙ።

ኧርዝ አለው ማለት

ሱቅ ውስጥ የሚባለው ይኼ ነው።

«ወንድሜ፣ ይኼ ኧርዝ ይፈልጋል እንዴ?»

«አብሽሪ እህቴ፣ ሰክተሽ መጠቀም ነው። ሶኬትሽ ብረት አለው አይደል?»

ብረትማ አለው። ሶኬቱ ጎንና ጎን ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ምላስ አለው። ችግሩ ከጀርባው ነው። በአሮጌ ቤቶች ሽቦው ሲዘረጋ ፌዝ (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት) እና ኒውትራል (የሚመለስበት) ብቻ ነበር የሚገባው። ኋላ ሶኬቱ በአዲስ ሲተካ ምላስ ያለው ተገጠመ፤ ከምላሱ ጋር የተያያዘ ነገር ግን የለም። አዲስ ቤትም ቢሆን አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ተዘርግቶ መሬት ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ ጋር ሳይያያዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ይኼ ለምን ያስፈራል? ማሞቂያው ከላይ እስከ ታች ብረት ነው። ውስጡ ያለው ገመድ ልባሱ ተልጦ ቱቦውን ቢነካ ብረቱ በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ኧርዝ ካለ ጅረቱ በዚያ ወደ መሬት ይሄድና መስመሩ ይቆረጣል። ኧርዝ ከሌለ ምንም አይፈጠርም። ማሞቂያው መሞቁን ይቀጥላል። የሚጠብቀው ከሻወር የወጣ፣ እርጥብ እግሩን ወለል ላይ አድርጎ ፎጣውን ለማንሣት እጁን የሚዘረጋ ሰው ነው። ኧርዙ እሱ ይሆናል።

«ብሬከር አለን እኮ» የሚል አይጠፋም። ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ባለ 16 አምፔሩ ከ3,500 ዋት በላይ እስኪያልፍ ዝም ይላል። ሰውን ለመግደል ያን ያህል አያስፈልግም። ሰው ለመጠበቅ የተሠራው አር ሲ ዲ የሚባለው መቁረጫ 30 ሚሊ አምፔር ላይ ይቆርጣል። ያ ከ16 አምፔር ከ500 እጥፍ በላይ ያንሳል። ሥራው መቁጠር ነው። በፌዝ የሄደው በኒውትራል ተመልሷል? ከጎደለ የሆነ ቦታ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ወዲያው ይወርዳል። ኧርዝ በሌለበት ቤትም ቢሆን ሰው ሲነካ ይቆርጣል። ለዚህ ነው ከማሞቂያው ዋጋ ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን እሱን አስገቡ የምለው።

ኧርዝ የማይፈልግ ማሞቂያም አለ። ጽሑፉ ላይ ካሬ ውስጥ ሌላ ትንሽ ካሬ ከተሳለ ልባሱ ድርብ ነው፤ መሰኪያውም የኧርዝ ብረት የለውም። አሮጌ መስመር ላለው ቤት ይኼኛው ይመረጣል። ያም ሆኖ መቁረጫውን አይተካም።

አንድ ክፉ ልማድ አለ። ኧርዝ ሲታጣ ከሶኬቱ ጀርባ ኒውትራሉን ከኧርዝ ምላሱ ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት። «ያው ነው፣ ሁለቱም መሬት ናቸው» ይባላል። ያው አይደለም። ኒውትራሉ ከቆጣሪው ወዲህ አንድ ቦታ ቢላቀቅ ማሞቂያው ሳይበላሽ፣ ምንም ሳይሆን፣ ብረቱ 220 ቮልት ይይዛል። ከቧንቧ ጋር ማሰርም አይሠራም፤ የዛሬ ቧንቧ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው።

ስለዚህ ኤሌክትሪሽያን ስትጠሩ «ስቀልልኝ» ብቻ አትበሉት። መጀመሪያ መለኪያውን አውጥቶ በፌዝና በኧርዝ ምላሱ መካከል ይለካ። 220 አካባቢ ካላሳየ ኧርዙ የለም ወይም ተቆርጧል። ልክ ካሳየ ደግሞ ሶኬቱን ይፍታና ከኒውትራል ጋር የተገናኘች ያቺ አጭር ሽቦ እንደሌለች በዓይናችሁ ያሳያችሁ፤ መለኪያው ሁለቱን አይለይም። ከዚያ መቁረጫውን ያስገባ። መቁረጫው ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለች። ስትጫኗት ማብሪያው ጠቅ ብሎ መውረድ አለበት። በወር አንዴ ተጫኗት፤ ቆጣሪ ካርድ የምትሞሉበትን ቀን ብታደርጉት አትረሱትም። ተጭናችኋት ካልወረደ ማሞቂያውን ከሶኬቱ ነቅላችሁ መቁረጫውን አስቀይሩ። እስኪቀየር ፎጣውን እንደ ድሮው ገመድ ላይ ስጡት። ከሰል አቀጣጥሎ ሻወር ቤት ማስገባት ግን አይሞከር፤ ጭስ ባይታይም ጋዙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል።